ሥራ ላይ ያለው መፍቻ

«አንቺ ልጅ፣ ጽሑፍ ጻፊ ነሽ ወይስ ዳኛ?»

«ጽሑፍ ጻፊ ነኝ። የምጨቃጨቀውም ለዚሁ ነው።»

«እንግዲያው የተባልሽውን ጻፊ። ‹በሞተር ብልሽት ወደቀች።› አለቀ። ቀለምሽ እንኳ አይባክንም።»

«ሞተሯ ደህና ነበር፣ አቶ ታደሰ።»

«ማን አየው?»

«ባሻ አይተውታል። ፈታተው ሲያጥቡት እርስዎም እዚሁ በርሜል ላይ ተቀምጠው አይተዋል።»

አቶ ታደሰ ወደ አውሮፕላኗ ዞሩ። ክንፎቿ ተፈትተው ግድግዳ ተደግፈዋል፤ አካሏ ጋራዡ መሃል በእንጨት እግር ላይ ቆሟል። ጅራቷ ሥር ሁለት መዳፍ የሚያህል መስኮት አላት፤ የጋራዡ ባለቤት ባሻ ራሳቸው ቆርጠው ወፍራም ፕላስቲክ የገጠሙላት። በመስኮቱ ውስጥ አንድ የዛገ የብሎን መፍቻ ይታያል። የአቶ ታደሰ ሠራተኛ በመስኮቱ ልክ የተቆረጠ ቆርቆሮ በብብቱ ይዞ ቆሟል። ነገ ጠዋት የጭነት መኪና መጥቶ አውሮፕላኗን ወደ አቶ ታደሰ ሆቴል አትክልት ቦታ ሊወስዳት ነው። ከዚያ በፊት መስኮቱ ይደፈን፣ ከአጠገቧ የሚቆመው ሰሌዳ ጽሑፍም ይለወጥ ነው የሚሉት።

«እኔ እኮ ለእሳቸው ብዬ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ባሻ ካረፉ ገና ሦስት ሳምንት። አርባቸው አልወጣ። ጥፋታቸውን አደባባይ ላይ ልስቀልላቸው? የአሰላ ሰው ምን ይለኛል?»

«እሳቸው ናቸው ስቀሉት ያሉት።»

«ታመው ነበር።»

«ሳይታመሙ ነው ያሉት። በእጃቸው ጽፈው ሰጥተውኛል።»

አቶ ታደሰ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ክርክሩ ይቀለኝ ነበር። ባሻን ይወዷቸው ነበር፤ ቀብራቸው ላይ እንደ ልጅ ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ።

«ሲስተር ትዕግስት እየመጣች ነው» አሉ በመጨረሻ። «ደውዬላታለሁ። አውሮፕላኗ ላይ የሞተው አባቷ ነው። እሷ ይደፈን ካለች ትተዪዋለሽ?»

ሲስተር ትዕግስት የአብራሪው ልጅ ናት። እሷ ይደፈን ካለች እኔ ማን ነኝ?

«እሺ» አልኩ። እንዳልኩ ወዲያው ቆጨኝ። ግን አልኩ። እሷ እስክትደርስ ያለውን ጊዜ ለባሻ ልስጠው።

ሻምበል ባሻ ገመዳ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚያስገባው መንገድ ዳር ጋራዥ ነበራቸው። አጭር፣ ክንዳቸው ወፍራም፣ ክረምት ከበጋ ከቱታቸው ሥር ሹራብ የሚደርቡ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው የጦር አውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ወደ አገራቸው ተመልሰው ሚኒባስ፣ ትራክተርና ኮምባይነር መጠገን ጀመሩ። ቀኝ ጆሯቸው አይሰማም፤ የአውሮፕላን ሞተር ወስዶታል። ስለዚህ ሰው ሲያናግራቸው በግራ በኩል ያቆሙታል። የማይስማማቸው ነገር ሲነገራቸው ግን ዝም ብለው ፊታቸውን ያዞሩና ቀኝ ጆሯቸውን ይሰጣሉ። የወረዳ ሹም ይሁን ቄስ፣ ያች ጆሮ የተሰጠችው ሰው ጉዳዩ እንዳለቀ ያውቃል።

የጋራዡን በር ሳልጠቅስ አላልፍም። ከትልቁ መዝጊያ ውስጥ የተቆረጠች ትንሽ የብረት በር ናት። ባሻ ገመድ አስረው፣ ገመዱን በመዘውር አሳልፈው፣ ጫፉ ላይ የአሮጌ መኪና ፍሬን ከበሮ አንጠልጥለውበታል። ማንም ቢወጣ በሩ በራሱ፣ በቀስታ፣ ይዘጋል። «በር የሚያላትም ሰው መሣሪያዬን ከግድግዳ ላይ ያወርድብኛል» ይሉ ነበር።

ግድግዳው ነው ከእሳቸው ጋር ያገናኘኝ። ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ለፀጉር ቤት፣ ለጎሚስታ፣ ለሥጋ ቤት ሰሌዳ እየጻፍኩ እኖር ነበር። ገጣሚ ነኝ እል ነበር። አይሱዙ መኪና ኋላ ላይ የሚጻፈው ከተቆጠረ እንዲያውም ብዙ አንባቢ ነበረኝ፤ ከሮቤ እስከ ዴራ አቧራ ውስጥ እየተከተለ የሚያነብ ሾፌር ሁሉ።

ባሻ ጠሩኝ። ነጭ ቀለም የተቀባ ሰፊ ግድግዳ አሳዩኝ። መፍቻው፣ ፒንሳው፣ ካቻቢቴው ሁሉ በየሚስማሩ ላይ ተሰልፏል።

«የእያንዳንዱን ጥላ በቀይ ሣዪልኝ» አሉ።

«ስሙን ልጻፍበት?»

«ላኪ!» አሉ። ላኪ በኦሮምኛ ‹አይሆንም› ነው፤ ባሻ አማርኛ ሲናገሩም እምቢታቸው ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነበር። «ስም ያነበበ ሰው አየሁ ብሎ ያልፋል። ባዶ ጥላ ግን ዓይን ይወጋል። አውሮፕላን ቤት እንዲህ ነው የምንሠራው። ማታ ላይ አንድ ጥላ ባዶ ከሆነ አንድ መሣሪያ የሆነ ሞተር ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው። እስኪገኝ ማንም ቤቱ አይሄድም።»

ስሥል ዋልኩ። በመጨረሻ ሚስማር ብቻ ያለበት ቦታ ላይ ደረስኩ። ባሻ ካርቶን ቆርጠው የመፍቻ ቅርጽ አወጡና «ይኼንንም» አሉኝ።

«መፍቻው የት አለ?»

«ሥራ ላይ ነው።»

በየዓመቱ ቀለሙን ላድስ እመጣለሁ። በየዓመቱ ያ ጥላ ባዶ ነው። በየዓመቱም መልሳቸው ያው፦ ሥራ ላይ ነው።

ሕጋቸው ቀልድ አልነበረም። አንድ ቀን የሮቤ ሚኒባስ ተሳፋሪ እንደሞላ ቆሞ ተጠገነ። ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ሊወጣ ሲል ባሻ ትልቁን መዝጊያ ዘጉበት።

«አሥራ ሦስት ቁጥር የለም» አሉ።

«ባሻ፣ ሰው ይዣለሁ!»

«ለዚህ እኮ ነው የዘጋሁት። ባዶ ብትሆን እለቅህ ነበር።»

ሞተሩ እንደገና ተከፈተ። ተሳፋሪው ወርዶ በፀሐይ ተንጋጋ። አንዷ ሴትዮ «እኚህ ሰውዬ መፍቻ ነው የጠፋባቸው ልጅ?» እያለች ታሽሟጥጣለች። መሬቱ ተፈተሸ፤ የመቀመጫው ሥር ተፈተሸ። በመጨረሻ ሾፌሩ ስልኩን ሊያወጣ ኪሱ ሲገባ መፍቻው በእጁ ወጣ፤ ለካ የለስላሳ ጠርሙስ ከፍቶበት ኪሱ ከትቶታል። ያቺው ሴትዮ «የሮቤ ሰው ይፍረደን! መፍቻ ጠጥተህ ነው እኛን ልትነዳ?» ስትለው ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። ባሻ አልሳቁም። መፍቻውን በጨርቅ ጠርገው ጥላው ላይ ሰቀሉና በሩን ከፈቱ። መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ በር ላይ ቆመው አዩት። እርጅና ነው አልኩ በልቤ።

ግጥሜን የሰማ የመጀመሪያ ሰው እሳቸው ናቸው። ከግራ ጆሯቸው አጠገብ ቆሜ አነበብኩላቸው። «ጥሩ ነው» አሉ። «አንድ ትርፍ ብሎን ግን አለው።»

«የቱ?»

«‹እንባ› ያልሻት። ፍቺያትና እዪው። ካልወደቀ ትርፍ ነበረች።»

ፈታኋት። ግጥሙ አልወደቀም። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን ሁሉ እንዲህ ነው የምፈትሸው። የትኛውም መጽሐፍ ይህን አላስተማረኝም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ ቃሲም የሚባል ዓሣ አጥማጅ ከኦጎልቾ በኩል መጣ። የዝዋይ ሐይቅ ሸሽቶ ነበር። መረቡ ጭቃ ውስጥ አንድ ነገር ይዞበት ሲጎትት ተቀዶ የወጣ ብረት ይዟል፤ ለምድጃ ክዳን እንዲቆርጡለት ነው። ባሻ ብረቱን ተቀበሉ። አልቆረጡትም። ጣታቸውን በጠርዙ ላይ በተደረደሩት፣ ቆርቆሮን ከቆርቆሮ በሚያያይዙት የሪቬት ምስማር ራሶች ላይ አንድ በአንድ አስኬዱ፣ ማየት የተሳነው ሰው ፊት እንደሚዳስስ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«የት አገኘኸው?»

«ውሃ ውስጥ ነዋ። ትልቅ ነገር ነው ባሻ፣ ጉማሬ መስሎኝ ሸሽቼ ነበር።»

ያን ቀን ጋራዡን በሥራ ቀን ሲዘጉ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

አውሮፕላኗን ለማውጣት ፈቃድ ማግኘት ራሱን የቻለ ጉድ ነበር። የሰመጠ አውሮፕላን ጉዳይ የሚመለከተው ጠረጴዛ በየትም አልተገኘም። ውሃ የሚመለከተው ‹ዓሣ ነው?› አለ፤ ዓሣ የሚመለከተው ‹ቅርስ ነው› አለ። ባሻ ወራት ተመላልሰው በመጨረሻ ‹ቁርጥራጭ ብረት ከሐይቅ ለማውጣት› የሚል ደብዳቤ አገኙ። ደብዳቤውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ቁርጥራጭ!» አሉ። ስድብ ሲውጡ አንዴ ብቻ ያየኋቸው ያኔ ነው።

የማውጫውን ዘዴ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። የኦጎልቾውን ጎሚስታ ከነአየር መሙያው ጠሩት። ሰውየው «መኪናዋ የት አለች?» ብሎ መጣ። «ውሃ ውስጥ» ሲሉት ዘወር ብሎ ሊሄድ ነበር። የጭነት መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲኮችን አየር ሳይሞሉ ከክንፎቿና ከሆዷ ሥር አሰሩ፤ ቃሲምና ጓደኞቹ ደረታቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብተው። አየር መሙያውን ጀልባ ላይ ጭነው ላስቲኮቹን ተራ በተራ፣ ትንሽ በትንሽ ሞሉ። «አትቸኩል! ላስቲኩን ታፈነዳለህ እንጂ አትነሳልህም!» ይላሉ ባሻ ከዳር። ጭቃው ለረጅም ጊዜ አልለቅ አለ። ከዚያ ውሃው ፈላ፣ ሐይቁ አንድ ትልቅ ነገር እንደ መዋጥ ሳይሆን እንደ መትፋት ያለ ድምፅ አሰማ፣ ጅራቷ ብቅ አለ። ዳር ቆሞ ያላገጠው ሰው ሁሉ ጮኸ። የስንዴ ማሳ ትራክተር ወደ ዳር ጎተታት።

ሁለት ሰው የምትይዝ አሮጌ የጦር ማሰልጠኛ አውሮፕላን ናት። የፊተኛው መቀመጫ ላይ ቀበቶው እንደታሰረ ነበር። ቀበቶው የያዘው ጥቂት አጥንት ነው። ባሻ ኮፍያቸውን አውልቀው እዚያው ጭቃው ውስጥ ቆሙ። ከዚያ ስልክ አውጥተው ሲስተር ትዕግስት ጋ ደወሉ። «አባትሽን አገኘሁት፣ ኢንተላ ኮ» አሏት። ልጄ ማለታቸው ነው።

ሲስተር ትዕግስት አሰላ ውስጥ ነርስ ናት። አባቷ መቶ አለቃ ውብሸት አውሮፕላን ይዞ ተነስቶ ሳይመለስ ሲቀር ሁለት ዓመቷ ነበር። መርማሪዎቹ ‹አውሮፕላን ይዞ ኮብልሏል› ብለው ጻፉ። እናቷ ከተሰጣቸው ቤት ወጣች፤ ጡረታም ቀረ። ትዕግስት ትምህርት ቤት ስሟ ‹የከሃዲው ልጅ› ነበር። ባሻን የምታውቃቸው የአጥሯን በር፣ የውሃ መሳቢያዋን፣ የሚያፈስ ቧንቧዋን ሳይጠሩ እየመጡ የሚጠግኑላት ደግ ሽማግሌ ሆነው ነው። «አባትሽን አውቀው ነበር» ብለዋታል። ከዚያ በላይ አላሏትም።

አጥንቱ በክብር ተቀበረ። ወሬው ግን ሙሉ በሙሉ አልሞተም። ‹ታዲያ ሐይቁ ጋ ምን ወሰደው? ወደ ኬንያ ሲሸሽ ነው የወደቀው› የሚሉ ነበሩ። ሲስተር ትዕግስት የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ ይህ ወሬ በማስረጃ እንዲዘጋ። ባሻም «ብረቱ ይናገራል፤ ታገሺኝ» አሏት።

አውሮፕላኗ አሰላ ስትገባ ከተማው ተሰልፎ ነው ያያት። ባሻ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነዋት ነበር። ለረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ የኖረ ብረት አየር ሲያገኝ ቶሎ ይበላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ ተፈትቶ በንጹህ ውሃ እስኪታጠብ ድረስ እርጥበቱን እንዳያጣ ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጧት ነበር። ‹ባሻ አውሮፕላን ተከሉ፣ ሲያፈራ ይጥሩን› እየተባለ ተቀለደ። በአሸዋ ሊፈትጋት የመጣውን ጎረምሳ በቡጢ ሊሉት ምንም አልቀራቸው። ሞተሩን ፈቱ። ደህና ነበር፤ ስትወድቅም ይሠራ እንደነበር ከተጣመመው ፕሮፔለር አሳዩን። ክንፎቹን ሠሩ። መንኮራኩሮቹን ሠሩ። አንድ ቦታ ግን አልነኩም፤ ጅራቷን። ወራት አለፉ፣ ጅራቷ በጆንያ እንደተሸፈነች ቀረች። እጠይቃቸዋለሁ፤ ቀኝ ጆሯቸውን ይሰጡኛል።

አንድ እሑድ ሲስተር ትዕግስትንና እኔን ጠሩን። «ምስክር ሳይኖር አልከፍታትም» አሉ። ንጹህ ቱታ ለብሰዋል። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትተው ሰሃን ላይ ደረደሩ፤ ቆርቆሮውን አነሱ፤ ውስጡን በባትሪ አበሩ፤ ራሳቸው ግን አላዩም።

«ሰሚራ፣ ምን አለ?» አሉኝ።

አጎንብሼ አየሁ። የጅራቷን መሪ የሚያንቀሳቅሰው ክንድና የአካሏ አጥንት መሃል አንድ መፍቻ ተቀርቅሯል። ክንዱ ወዲህም ወዲያም አይልም።

«እጀታው ላይ ምን አለ?»

ዝገቱን በጣቴ ጠረግሁ። «ጭረት። ሦስት ጭረት።»

«የእኔ ምልክት ነው» አሉ።

ከዚያ ቆመው ተናገሩ፤ አልተቀመጡም፣ አላለቀሱም። አውሮፕላኗ በጠፋችበት ዘመን አሥር አለቃ ነበሩ። ከበረራው ዋዜማ ጀምሮ ጅራቷ ውስጥ ሲሠሩ ቆይተዋል። ጠዋት በአውሮፕላን ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ጥላ ባዶ ሆነ። መፍቻ ጠፋ ብለው ቢናገሩ አውሮፕላኖቹ ሁሉ ቆመው ሊፈተሹ፣ እሳቸውም ሊታሰሩ ነው። አለቃቸው ለቁጥጥር እየመጡ ነበር። ከመኪና ጥገናው ክፍል ተመሳሳይ መፍቻ አመጡና ጥላው ላይ ሰቀሉ። ‹ደህና ናት› ብለው ፈረሙ። መቶ አለቃ ውብሸት ትከሻቸውን መታ አድርጎ ተነሳ። የጭላሎን ተራራ ዞሮ ሊመለስ ነበር።

«መፍቻው ተንሸራቶ መሪውን ቆለፈው። አፍንጫዋን ቀና ማድረግ አልቻለም። ፊት ለፊቱ ጭላሎ ነው። ከሥሩ ስንዴና የሰው ቤት ነው። ሰው የሌለበት ጠፍጣፋ ነገር ሐይቁ ብቻ ነበር። ወደዚያ ጠመዘዛት። አልሸሸም፣ ትዕግስት። ሰው ላይ ላለመውደቅ ነው የሄደው።» ባትሪውን አጠፉት። «መርማሪዎቹ መጡ። ‹መሣሪያ ጎድሏል?› አሉኝ። ግድግዳውን አዩ። ግድግዳው ሞልቶ ነበር።»

ሲስተር ትዕግስት ባሻን ሁልጊዜ እርስዎ ነበር የምትላቸው።

«ስንት ዓመትህ ነበር?» አለቻቸው።

«ሃያ ሦስት።»

«እናቴ ስትሞት የት ነበርክ?»

«ቀብሯ ላይ። ከኋላ።»

«ቧንቧዬን ስትጠግን ይህን ታውቅ ነበር።»

«መፍቻዬ እንደጠፋ አውቅ ነበር። የት እንዳለ እፈራ ነበር።»

ወጣች። በሩን ልታላትም በሙሉ ኃይሏ ሳበችው፤ በሩ ግን የፍሬን ከበሮው በወረደበት ልክ በቀስታ ተዘጋ።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ ሊያስታርቁ። ባሻ ቀኝ ጆሯቸውን ሰጧቸው። «ሄዳችሁ ይቅር በይው እንዳትሏት። ልጅቷ ተበድላ ሳለ ደግሞ ሥራ ልጨምርባት?» ብለው መለሷቸው። ወዳጆቻቸው መጡ፤ አቶ ታደሰም አንዱ ነበሩ። ‹አንድ የዛገ መፍቻ ነው ባሻ፤ አውጥተው ይጣሉትና ሞተር ነው እንበል› አሏቸው። ያኔ ነው የጮኹት።

«ላኪ! ግድግዳውን አንዴ ሞልቼዋለሁ! ሁለተኛ አልሞላም!»

መስኮቱን በማግስቱ ቆረጡ። መፍቻውን ካለበት አላነቃነቁትም። «ቦታው እዚያ ነው» አሉ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ሲስተር ትዕግስት የሆስፒታል ጓንት ይዛ መጣች። ሰላምታ የለም። «የቱን ልያዝ?» አለች። የአውሮፕላን ሪቬት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ከውጭ ይመታል፣ ሌላው ከውስጥ ወፍራም ብረት ይዞ ይደግፋል። አይተያዩም። የሚግባቡት ቆርቆሮውን በማንኳኳት ነው። አንድ ጊዜ ከሆነ ይዟል፣ ቀጥል። ሁለት ጊዜ ከሆነ አልያዘም፣ ድገመው። እሷ ከውስጥ፣ ባሻ ከውጭ፣ ብዙ እሑድ እንዲህ አለፈ። ከዚያ ንግግር ሌላ ብዙ ሲያወሩ አልሰማሁም። አንተ ማለቷንም አልተወችም። አንድ ጊዜ ባሻ ወደ እኔ ዞር ብለው «በትክክል የምትጠራኝ እሷ ብቻ ናት» አሉኝ።

የሰሌዳውን ጽሑፍ በእርሳስ ካርቶን ላይ ጽፈው ሰጡኝ። አንድ ሁለት ቦታ አሳመርኩት። አነበቡትና ያሳመርኩትን ሁሉ ሰረዙ።

«ይህ ግጥም አይደለም። እንደ ፈረምኩት ወረቀት ይሁን። ያኔ የፈረምኩት አጭር ነበር።»

መጨረሻ ላይ ያየኋቸው ሆስፒታል ተኝተው ነው። ሳንባቸው ደክሞ ነበር። በግራ ጆሯቸው በኩል ተጠጋሁ።

«ግድግዳው ሞላ?» አሉኝ።

«ከአንዱ በቀር።»

«ጥሩ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እንግዲህ ወደዛሬው ልመለስ። ሲስተር ትዕግስት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ገባች። አቶ ታደሰ ወንበር ሳቡላት፤ አልተቀመጠችም።

«እህቴ» አሉ፣ «ነገሩ ቀላል ነው። ‹መቶ አለቃ ውብሸት በሞተር ብልሽት፣ በሥራ ላይ ሳሉ ወደቁ› እንላለን። የአባትሽ ስም ነጻ ይወጣል። የባሻም ስም ይተርፋል። ሁለቱም ሞተዋል። ማን ይጎዳል?»

እሷ ወደ አውሮፕላኗ ሄደች። በመስኮቱ መፍቻውን አየችው። ከዚያ እጇን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈችና በጣቷ አጥንት መታች። ሁለት ጊዜ።

አቶ ታደሰ ምን ማለት እንደሆነ አላወቁም። እኔ አውቄያለሁ።

«ሰሚራ፣ የእሱን አንብቢልኝ» አለች።

ካርቶኑን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እንዳለ አነበብኩት።

«‹ይህች አውሮፕላን የወደቀችው እኔ ገመዳ መፍቻዬን ውስጧ ረስቼ፣ መጥፋቱን እያወቅሁ ደህና ናት ብዬ ስለፈረምኩ ነው። መቶ አለቃ ውብሸት አልከዳም። ሰው የሌለበት ቦታ ፈልጎ ሐይቁ ላይ አሳረፋት። መፍቻው በመስኮቱ ይታያል።›»

መታች። አንድ ጊዜ።

«ሲስተር፣ ሰውየው እንደ አባት ሆኖሽ ነበር!» አሉ አቶ ታደሰ። «ይቅር አትዪውም?»

«ይቅር አላልኩትም። እሱም ይቅር በይኝ አላለኝም። ለዚህ ነው አብሬው የሠራሁት።» ወደሳቸው ዞረች። «አቶ ታደሰ፣ ነገ አንድ ሞተር የሚያውቅ ሰው ሆቴልዎ ይመጣል። ሞተሩን ያያል። ‹ይህ ሞተር ደህና ነበር› ይላል። ያን ቀን አባቴ እንደገና ከሃዲ ይሆናል። ያኔ ማን ይመልስለታል? እርስዎ?»

«እንግዶቼ ምሳ በሚበሉበት ቦታ ይህን ጽሑፍ አላቆምም።»

«አያቁሙ።»

«ሌላ ቦታ የላችሁም!»

«አዎ፣ የለንም» አለች። «እዚሁ ትቆማለች።»

ሠራተኛው አለቃውን አየ፣ እኛን አየ፣ ቆርቆሮውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። እኔ ሰሌዳውን ሁለት በርሜል ላይ አጋድሜ የቀይ ቀለሙን ቆርቆሮ በካቻቢቴ ከፈትኩ። ካቻቢቴውን መልሼ ጥላው ላይ ሰቀልኩት። ብሩሼን ነክሬ የመጀመሪያውን ፊደል ጀመርኩ።

«የመኪናውን ኪራይ እሰርዛለሁ» አሉ አቶ ታደሰ። እኔ ወደ ሁለተኛው ፊደል አለፍኩ። ኮፍያቸውን አደረጉ። «ባሻ ቢኖሩ ያፍሩባችሁ ነበር!»

ሲስተር ትዕግስት ፊቷን አዞረች። ቀኝ ጆሮዋን ሰጠቻቸው።

ሠራተኛቸውን አስከትለው ወጡ። በሩን ከውጭ በኩል ይዘው ሊያላትሙት ታገሉ። የፍሬን ከበሮው በገመዱ ላይ እየተንቀራፈፈ ወረደ። በሩ በባሻ ፍጥነት ተዘጋ፤ ከግድግዳው ላይ አንዲት መፍቻ እንኳ አልወደቀችም።